ስምሽ ወጥቷል

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ወንድምሽ ግን ጤነኛ ነበር?» ብሎ ነው። ጤነኛ ነበር። ከኔ የተሻለ ጤነኛ ነበር። ያን ጊዜ ኮልፌ የነበረ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ያልነበራችሁ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ፍርዱን ያኔ ስጡ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር የወደቀ ሬሳ የምናይበት፣ አይተንም እንዳላየ የምናልፍበት ጊዜ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስሜ የሺእመቤት ነው፤ ሰፈሩ ግን የሺ ይለኛል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ በነበረች አንዲት ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሐኪሙ ሲቀር ደግሞ ሐኪም እሆናለሁ። ሐኪሙ ብዙ ቀን ይቀር ነበር። አፌ ትንሽ ስለታም ነበር፤ አሁንም አልዶለዶመም።

ወላጆቻችን አከታትለው ስለሞቱብን ያሳደገኝ በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። የባሕር ዛፍ አጠና ይሸጥ ነበር። ቤታችን ከአጠናው ክምር ጀርባ ስለነበር ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ በክምሮቹ መሃል፣ በጋሼ ፊት ማለፍ ነበረበት።

በምሥራቅ በኩል ጦርነት ነበርና ቁስለኛው በዛ፣ ነርስ ጠፋ። ልምድ ያለን ድሬሰሮች ፈተና ካለፍን የነርስነቱን ትምህርት አጣድፈው በአጭር ጊዜ ሊያስጨርሱን ነው ተባለ። ተፈተንኩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ መጠበቅ ሆነ። ያለፉት ሰዎች ስም የሚለጠፈው መሃል ከተማ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ እሄድና ባዶ ሰሌዳ አይቼ እመለሳለሁ። «የሺ፣ ስምሽ ወጣ?» የማይለኝ ጎረቤት አልነበረም። መርፌ የምወጋው በሽተኛ እንኳ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል።

ጋሼ ግን ከኔ ብሶ ነበር። ትምህርቱ አዳሪ ነው መባሉን ከሰማ ጀምሮ እህል አልበላ አለው።

«ከግቢው አትወጪም አይደል?» ይለኛል።

«አልወጣም።»

«የቀበሌ ሰው እዚያ አይገባም?»

«የራሱ ጥበቃ አለው።»

«ጥሩ ነው» ይላል።

ከኮልፌ እንድወጣለት ነበር የፈለገው። ምክንያትም ነበረው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ኤፍሬም የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ጠብቀው «የሺዬ፣ እስቲ አንዴ ግቢ» አሉኝ። ኤፍሬም አልጋ ሥር ተኝቷል። ጥይት ጭኑን በስቶ ወጥቷል። በጥይት የቆሰለ ሰው ያየ የጤና ሠራተኛ ለቀበሌ ማሳወቅ ግዴታው ነበር። አላሳወቅኩም። አጥቤ አሰርኩለት።

በማግስቱ ሽፈራው የሚባል የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቦ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ከእትዬ ዘነበች በር ላይ ቆሞ ያለውን ሁላችንም ሰምተናል። «ኤፍሬም የታለ? ስሙ ወጥቷል።» በቀበሌ ስብሰባ ሰው ሲጋለጥ እንደዚያ ነበር የሚባለው፤ ስሙ ወጣ። ልጁን ይዘውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ልጃቸውን መንገድ ዳር አገኙት። ማልቀስ ተከልክሎ ነበርና አላለቀሱም። ጥቁር መልበስም ስለሚያስጠይቅ በነበረው ነጠላቸው ሰነበቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ሁለት ዝርዝር ይጠበቅ ጀመር። ባንዱ ስሜ እንዲወጣ እንጸልያለን፤ በሌላው እንዳይወጣ። ኤፍሬም ሲገረፍ ማን እንዳሰረለት ተናግሮ ከሆነ የኔ ተራ ቀርቧል ማለት ነው። ጋሼ ሥራውን ሁሉ ትቶ መግቢያው ላይ ተቀምጦ አጠና መላጥ ያዘ። የሚላጥ ሲያልቅበት የተላጠውን እንደገና ሲልጥ አይቼዋለሁ።

ይባስ ብሎ ያው ሽፈራው መዳፉን ስለት ቆርጦት ክሊኒክ መጣ። ሌላ ድሬሰር አልነበረም። ፋሻውን ፈትቼ እንደገና ሳስርለት «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?» አለኝ። ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ስለ ፈተናው ውጤት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና አመስግኖኝ ሄደ። በልቤ የረገምኩትን አልደግመውም።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሥራ ገብቼ ልብስ እየቀየርኩ ሳለ ከውጭ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ የሽፈራው ድምፅ መጣ፤ እንደ ልቡ መተንፈስ አልቻለም።

«ደሳለኝ፣ የሺ የታለች?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ስሟ ወጥቷል። ይዣት ልሂድ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መቅረብ አለባት።»

ግድግዳውን ያዝኩ። ጋሼ «እሺ፣ እዚህ ቁም፤ ልጥራት» ሲል ሰማሁት። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ እንዲህ ረጋ ሲል ደግሞ አውቀዋለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ። እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያ የእንጨት አልነበረም።

ስወጣ ሽፈራው በግንባሩ ተደፍቷል። ጋሼ ረጅም አጠና በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። እያየሁት ደገመው፤ ይሄኛው ከቀኝ ጆሮው በላይ አረፈ። ሊሠልስ ሲያነሳ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

«ልቀቂኝ» አለኝ። ዓይኑ እኔን አያይም።

«ጋሼ፣ ይሞታል።»

«እንዲሞት ነው።»

«ከሞተ አንተስ?»

አጠናውን ጣለና የሽፈራውን ጠመንጃ አነሳ። በሕይወቱ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም፤ አያያዙ እንደ አጠና ነበር።

ደሙ በጣም ይፈስ ነበር። የራስ ቆዳ ሲቀደድ እንደዚያ ነው። ከጆሮው የሚወርደው ግን ሌላ ነበር፤ ቀጭንና የማያቆም። በጎኑ አስተኛሁት፣ አፉን ከፍቼ አጸዳሁለት፣ ነጠላዬን አጥፌ ቁስሉን ጫንኩት። ቀና ስል እትዬ ዘነበች በሁለቱ ክምሮች መሃል ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

«ተይው» አሉኝ።

«እትዬ ...»

«ተይው ብዬሻለሁ። እጅሽን አንሺ። ልጄን እንደዚህ የጫነለት አልነበረም።»

በእውነት ልንገራችሁ፤ እጄ ላላ። ለአንድ አፍታ ያህል ላላ። ኤፍሬምን አሰብኩ። ከዚያ ጋሼን አየሁት፤ ጠመንጃውን እንደታቀፈ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው ከሞተ ጋሼን ዛሬውኑ ይገድሉታል። የርስዎ ኤፍሬም ይበቃል» አልኳቸው።

ደም ወዳለበት መጥተው ሽፈራውን ቁልቁል አዩት፣ አጠናውን አዩት፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የተቆለለውን ክምር አዩ። «ደሳለኝ» አሉ፣ እንጀራ አምጣ የሚሉት ያህል በተራ ድምፅ፣ «ጠመንጃውን አጠገቡ አስቀምጥና ያንን ክምር ናደው።»

ጋሼ ሁለቱን መደገፊያ እንጨቶች ነቀለ። ክምሩ ሲናድ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው እኛንም ሸፈነን። ድምፁን ሰምተው አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ከፊት የጥበቃው አዛዥ ነበር፤ አጭር፣ የማይቸኩል ሰው።

«ማን ነው ያደረገው?»

«አጠና ተንዶበት ነው፣ ጓድ» አልኩ። እጄን ከቁስሉ አላነሳሁም።

አዛዡ በወደቁት አጠናዎች ላይ እየተራመደ ዞረ። አንዱን በእግሩ ገለበጠው። ተመልሶ ጋሼ ፊት ቆመና ምንም ሳይናገር በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ጋሼ ወደቀ፤ ሁለት ጥርስ ተፋ።

«አጠና ሰው መርጦ ጭንቅላቱን ነው የሚመታ?» አለው።

ደግሞ ሲያነሳበት እትዬ ዘነበች «እኔ አይቻለሁ» አሉ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የኤፍሬም እናት ነኝ።»

አዛዡ ስሙን አወቀው። ከኋላው የቆሙትም አወቁት፤ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«ሰው መቶት ቢሆን» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «የመታውን ሰው እጅ እስም ነበር። እናንተም ትገድሉኝና ከልጄ እገናኝ ነበር። ግን እንጨት ነው። እንጨት እጁ አይሳም።»

አዛዡ ወደ ጋሼ አመለከተ። «ይሄን ያዙት። ሽፈራው አፉን ሲፈታ የሆነውን ይነግረናል።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። መንገድ ላይ ቢሞት ወንድምሽን ነገ ጠዋት መንገድ ላይ ፈልጊው።»

አጠና ሊያራግፍ የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩን አስገድደው ሽፈራውን ጫኑት። አንድ ጠባቂ ከሾፌሩ ጋር ገባ። እኔ ከኋላ፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ጭንቅላቱ ሲነሳና ሲወድቅ እኔም አብሬው እነሳለሁ፣ እወድቃለሁ። ሁለቴ አስመለሰው፤ ሁለቴም በጣቴ አፉን ጠረግሁለት። «እንዳትሞት፣ አንተ ክፉ» እለው ነበር። ጸሎቴ ያ ነበር።

ነጠላዬ በደም ሲርስብኝ ሌላ ጨርቅ ፍለጋ የሸሚዙን ኪስ ዳበስኩ። መሃረብ አገኘሁ፤ አብሮት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ወጣ። በእርሳስ፣ በተጣመመ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። የኔ ስም ከነአባቴና ከነአያቴ፣ ከሥሩም እንዲህ ይላል፤ «አልፋለች። ሐሙስ እስከ 11 ሰዓት ቀርቦ ያልተመዘገበ ይሰረዛል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ለመዳፉ ቁስል ሆስፒታል ሄዶ ሰሌዳውን አይቶ ነበር። ስሜን ገልብጦ፣ እንዳያልፈኝ ብሎ፣ ከፌርማታ ጀምሮ ሮጦ መጣ። ያለው ቃል ሁሉ እውነት ነበር። እኔም ጋሼም የምንጠብቀው ቃል ነበር። ወረቀቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሞቹ ሲረከቡኝ የግድግዳው ሰዓት ለአሥራ አንድ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። በግቢው ውስጥ ሮጥኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መስኮቱን እየዘጋ ነበር።

«ነገ ነይ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ነገ እሰረዛለሁ።»

ቀና ሲል እስከ ክርኔ የደረሰውን ደም አየ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«በሽተኛ ይዤ ነው የመጣሁት።»

መስኮቱን መልሶ ከፈተ። ስፈርም መዝገቡን በደም አቆሸሽኩት፤ «ወረቀቴን አበላሸሽው እኮ» ብሎ ተቆጣኝና በጨርቅ ጠረገው። እንደዚህ ነው ነርስ የሆንኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላ መጠበቅ መጣ። ሦስት ቀን ከሽፈራው አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሼን ቀበሌ አስረው ውስጥ እግሩን እየገረፉት እንደሆነ እትዬ ዘነበች መጥተው ነገሩኝ። ምግብ ይዘውለት ሲሄዱ ጩኸቱን ሰምተዋል። «አጠና ነው ይላል እንጂ ሌላ አላለም» አሉኝ። ሽፈራውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ስሙን ስጠራው ከየት እንደጠራሁት ጠፍቶት ሲፈልገኝ ቆየ፤ በቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ እስከ ዛሬም አይሰማም። ከስሙ ሌላ አንድም ቃል ሳልነግረው አዛዡ ደረሰ። አልጋው ራስጌ ቆሞ «ደሳለኝ አጠና ተንዶበት ነው ይላል፤ ማን መታህ?» አለው።

ሽፈራው መጀመሪያ አዛዡን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«አጠናው ተንዶብኝ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በራሴ ላይ የወደቀውን እኔ አላውቅም?»

አዛዡ ሄደ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀና በደከመ ድምፅ «አጠናው ተንዶ አይደለም» አለኝ፤ «ተናዶ ነው።»

መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁት። «ስሟ ወጥቷል፣ ይዣት ልሂድ አልክ እኮ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል? ስምሽ ወጣ።»

«ኤፍሬምንም እንደዚያ ነው ያልከው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደተዞረ፣ «ቁስሉን ማን አሰረልህ ተብሎ ብዙ ተገረፈ» አለ። «ራሴ ነኝ ብሎ ሞተ። ቋጠሮውን ግን አይቼው ነበር። ጫፉን ለሁለት ቀደሽ በጎን ነው የምትቋጥሪው። እኔንም እንደዚያ ነው ያሰርሽኝ።» የታሰረ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ዝም አልኩ።»

ጋሼ በማግስቱ ተለቀቀ። በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ሳያነክስ የተራመደበትን ቀን አላስታውስም። ወረቀቱን ሳነብለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ተመዘገብሽ?»

«ተመዝግቤያለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ሽፈራውን ይቅር ብለሻል ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ደርግ ወድቆ ሲከሰስ እትዬ ዘነበች መሰከሩበት፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ መሰከርኩ። ለኔ ዝም ማለቱ የኤፍሬምን በር ማንኳኳቱን አያጠፋልኝም። ኤፍሬም ስሜን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሞተው፤ ዕድሜዬን የሰጠኝ እሱ ነው። ለሽፈራው ግን እስር ቤት ስንቅ ወስጄለታለሁ። ሁለቱንም ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ እንዴት እንደሚታረቁ አትጠይቁኝ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ሐሙስ የለወጠብኝን ንገሪን ካላችሁኝ አነጋገሬን ነው። ጎምቱ ነርስ ሆኜ እንኳ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቼ ለአስታማሚ «አለቀ» ብዬ አላውቅም። «ቀዶ ሕክምናው ተጠናቋል፣ በሽተኛው ደኅና ነው» እላለሁ፤ ባልደረቦቼ አፈ ረጅም ይሉኛል። እናንተም ለሰው ወሬ ስታደርሱ ቃሉን ሙሉ አድርጉት። የሚሰማችሁ ሰው ሌሊቱን ምን ሲጠብቅ እንዳደረ አታውቁም።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻ ዓመቶቼን ያሳለፍኩት በማስተማር ነው። የአዲስ ተማሪዎችን ስም ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ለጥፌ ሳልጨርስ አንዲት ልጅ ከኋላዬ መጣች፤ ላብ አጥምቋታል፣ ከፌርማታ ሮጣ ነው የመጣችው።

«ሲስተር፣ ስሜ ወጣ?» አለችኝ።

ማን እንደምትባል ጠየቅኋትና ዝርዝሩ ላይ ፈለግኋት።

«ገብተሻል» አልኳት።